ከምቱ ጋር የሚሄድ ሁሉ

ድርጅቱ ለይርሳው ሣልስት የላከው ሰው አልነበረም፤ ድምፅ ነበር። ሰማያዊ ደንብ ልብስ የለበሰ መልእክተኛ ወደ ለቅሶው ድንኳን ገባና የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ትንሽ ተንቆራጠጠ። ከዚያ የዳቦ ቁራሽ የምታህል ማጫወቻ ከኪሱ አውጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠና ነካ አደረጋት።

«የቀስተ ውኃ ድርጅት ዋና መሐንዲስ ዶክተር ናሁሰናይ ነኝ» አለች ማጫወቻዋ፣ በተረጋጋ የወንድ ድምፅ። «በወዳጃችሁ፣ በአቶ ይርሳው፣ ድንገተኛ ሞት የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«በአቶ ይርሳው» የምትለዋ ግን የወንድ ድምፅ አልነበረችም። ሴት ናት ያለቻት። ዶክተሩ ይህን ንግግር ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ አንብቦ፣ የስሙን ቦታ ክፍት ትቶ ለድርጅቱ አስረክቧል። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር የድርጅቱ ማሽን የሟቹን ስም በሴት ድምፅ እየሰካች ትልካለች። ሽማግሌዎቹ ከልማድ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ለማጫወቻዋ ጎንበስ አሉ፤ መልእክተኛውም ግዳጁን እንደ ተወጣ ሰው ቀልጠፍ ብሎ ወጣ። ዕቃዋን ማንሳት ረስቷል፣ ወይም ትቷት እንዲመጣ ታዝዟል።

አንጓች የሟች ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ቀድማ ስለ ሞተች ይርሳውን ያሳደገችው እሷ ናት። ኑሮዋ በጆሮዋ ነው፤ በከተማው ማዳመጫ ቤት አጣሪ ሆና ስትሠራ ፀጉሯ ሸብቷል። ስለዚህ በድንኳኑ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ያልተሰማ ነገር ለእሷ ተሰማት፤ ሰውዬው ክፍት ቦታው ጋ ሲደርስ አጭር ትንፋሽ ወስዷል፣ ቀጥሎ ማን ቢገባበት ግድ እንደሌለው ሰው። ማጫወቻዋን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻትና ለቀስተኛው ፊት ማልቀሷን ቀጠለች።

ጣና መጮህ ከጀመረ አንድ ትውልድ አልፏል። ደለል የሚጠርጉት ማሽኖች፣ ዓሣ የሚነዱት ማሽኖች፣ ሰው ጭነው ከውኃ በታች ከባሕር ዳር ደልጊ የሚመላለሱት አውቶቡሶች፣ ሁሉም መንገዳቸውን የሚያገኙት ሶናር እየለቀቁና ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ እያዳመጡ ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ በፈለገው ጊዜ ይጮኽ ስለነበር የአንዱ ጩኸት ለሌላው ረብሻ ሆነበት፤ ማሽኖቹም እንደ ሰካራም እየተላተሙ ተሰባበሩ። መላውን ያመጣው ናሁሰናይ ነው። ሁሉም ሶናር በአንድ ምት፣ እኩል ይጩኽ አለ። በየማሽኑ ጆሮ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ደግሞ ከምቱ ጋር አብሮ የሚመጣውን ሁሉ ይጣለው፤ በምትና በምት መካከል የሚቀረው እሱ እውነተኛ ድምፅ ነው። ሠራ። ለዚህም ተሸለመ።

ምቱ ግን ውኃ ውስጥ አልቀረም። በአለቱ አድርጎ ከተማው መሠረት ውስጥ ገባ፤ ከመሠረቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ሰው ጥርስ ወጣ። የሕፃናት ጆሮ መድማት ሲጀምር ከተማው ነዋሪውን ሁሉ ክዳን አስለበሰ፤ ክዳን የሚባሉት ያው ማጣሪያ ያለባቸው የጆሮ ሽፋኖች ናቸው። ሰዉ ዝምታውን ወደደው። ሐይቅ የሌላቸው ከተሞችም አምጡልን አሉና ደብረ ማርቆስ ለጎረቤቱ ጩኸት፣ አዲስ አበባ ለመኪናው ሲል አጠለቀው። አሁን ክዳን አውልቆ መንገድ ላይ መታየት ነውር ነው፤ ሱሪ አውልቆ ከመሄድ እምብዛም አይለይም። ምቱን የሚሰማው የለም፤ አካል ግን ይታዘዘዋል። ባሕር ዳር ቁርስ ቤት ገብቶ ላየ ሰው፣ ተመጋቢው ሁሉ እኩል ያኝካል፣ እኩል ይውጣል። ሙሽሮች እኩል ይራመዳሉ። ከብቱም ከዳር ቆሞ ውኃውን የሚስበው በዚያው ልክ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለምቱ የታዘዙት በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱት ሰዎች ናቸው። ልማዳቸው መረብ ዘርግቶ ውኃውን በረጅም እንጨት መደብደብ ነው፤ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ደንግጦ ወደ መረቡ ይሮጣል። ድብደባው ያለ ዘፈን አይሆንም፣ ዘፈኑ ያለ ከበሮ አይሆንም። ምቱ በእንጨቱ አድርጎ መዳፋቸው ላይ ሲነዝራቸው፣ የማይደክም ከበሮ መቺ ተገኘ ብለው ተደሰቱ። በእሱ ልክ መቱ፣ በእሱ ልክ ዘፈኑ፣ ልጆቻቸውንም በእሱ ልክ አስተማሩ። ይርሳው ደግሞ ከሁሉም የተዋጣለት ነበር፤ ምቱን ለአፍታ እንኳ ስቶት አያውቅም።

አሟሟቱን ከሌላ ታንኳ ያየው ጓደኛው ለአንጓች ነግሯታል። ደለል ጠራጊው ከበታች እየወጣ ጥላው ሲታይ ይርሳው ሸሸ፤ መረቡ ግን ያዘው። ማሽኑ ሰው ሲሰማ ይቆማል፤ እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው። ይርሳው ሰው መኖሩን ሊያሳውቅ እንጨቱን አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ውኃውን መታ። ደጋግሞ መታ። ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ በለመደው ልክ፣ አንዲትም ሳያዛንፍ፣ ከምቱ ጋር መታ። ማሽኑ የሰማው ነገር አልነበረም። ከታንኳው ጥቂት ደንገል ተገኘ፤ ከይርሳው ምንም አልተገኘም፤ የተቀበረው ጋቢው ነው።

አንጓች ከሐዘን እንደ ተነሣች ወደ ድርጅቱ ሄደች። የዶክተር ናሁሰናይ ቢሮ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወት የሆነ ክፍል ነው። ሰውዬው ሸንቀጥ ያለ፣ ጨዋ፣ እንግዳ ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነው። ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ አቀረበላት። አልነካችውም።

«ያውቁ ነበር?» አለችው።

«ምኑን፣ ወይዘሮ አንጓች?»

«ዓሣ አጥማጆቹ ከምቱ ጋር እኩል እንደሚመቱ።»

ከመናገሩ በፊት አጭር ትንፋሽ ወሰደ፤ ያቺን ትንፋሽ አወቀቻት። «እናውቅ ነበር። አቤት ብለው ነበር። ምታቸውን እንዲቀይሩ መክረናቸዋል።»

«የተወለዱበትን?»

«ማጣሪያው የእነሱን ምት ከሶናሩ መለየት አይችልም። እንዲለይ ብለን ብናላላው ሶናሩ ተመልሶ ይገባል፤ ማሽኖቹ ይጋጫሉ፣ የከተማው ሕፃናት ይደማሉ። አንድ ነገር መጣል ነበረበት።»

«የተጣለው ወንድሜ ነው።»

«የተጣለው ድምፅ ነው» አላት፣ በለሰለሰ አንደበት።

አንጓች ብርጭቆውን አየችው፤ ውኃው በየምቱ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «ገንዘብ አልጠይቅም፣ ክስ አላነሣም» አለች። «ቤቴ ይምጡ። ሽማግሌ ባለበት፣ በገዛ አፍዎ፣ ይርሳውን የገደልኩት እኔ ነኝ ይበሉ። ስሙን ይጥሩት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ስሙን ከጠራሁ ጥፋቱን ተቀበልኩ ማለት ነው። የሕግ ክፍላችን አይፈቅድልኝም።» ደግሞ ያቺ ትንፋሽ። «መልእክቴ ግን ደርሷችኋል አይደል?»

አንጓች ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ደረጃውን ስትወርድ ልቧ ቂሙን ቋጥሮ ጨርሷል። ይህን ሰው አፈር ሳላበላው ብቀር ሴት አይደለሁም አለች ለራሷ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

ማዳመጫ ቤት የሚሉት ግድግዳውና ጣሪያው በበግ ፀጉር የተለበደ አዳራሽ ነው። አጣሪዎቹ ክዳናቸውን አውልቀው በረድፍ ይቀመጣሉ፤ ያለ ክዳን መዋል የሚችል ጆሮ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አፍንጫቸው ስለሚደማ መሐረብ ከእጃቸው አይለይም። ማጣሪያው አብዛኛውን ራሱ ይወስናል። የተጠራጠረውን ግን ወደ ሰው ያመጣዋል። የጉማሬ ማንኮራፋት ያሰማና «ድምፅ ወይስ ረብሻ?» ብሎ ይጠይቃል። አጣሪዋ ድምፅ ካለች ይቆያል፤ ረብሻ ካለች ማጣሪያው የዚያን ነገር አካሄድ አጥንቶ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሐይቁም ከሰዉም ጆሮ ያወጣዋል። የውሻ ጩኸት የወጣው እንዲህ ነው። የወፍጮም እንዲሁ።

ሁለት ሕግ አለ፤ ሁለቱንም ያወጣው ናሁሰናይ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ አቤቱታ ባበዙበት ሰሞን፣ አንድ ጊዜ ረብሻ የተባለ ነገር እንደገና አይታይም፤ የሚመልሰው ረብሻ ያለው አጣሪ ራሱ ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም አለ። አጣሪም በወሰነው አይጠየቅም። እንዲህ ካልሆነ ሥራ አይሠራም የሚል ነበር ምክንያቱ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሥራው በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል።

አንጓች ተራዋ ሲደርስ ማጫወቻዋን ከጉያዋ አውጥታ ከመስሚያው ፊት አስቀመጠች። «የቀስተ ውኃ ድርጅት ዋና መሐንዲስ ዶክተር ናሁሰናይ ነኝ…» የሴቲቱ ድምፅ ከመግባቱ በፊት አቆመችው።

«ድምፅ ወይስ ረብሻ?» አላት ማጣሪያው።

«ረብሻ።»

«የሰው ንግግር ይመስላል። እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰው አይደለም» አለች አንጓች።

ማጣሪያው አመሰገናት። ከጎኗ የምትቀመጠው ውድነሽ፣ አብራት የተቀጠረች የልብ ጓደኛዋ፣ አንገቷን አዙራ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፊቷን መለሰች። ቀጥሎ የመጣው የዝናብ ድምፅ ነበር፤ አንጓች «ድምፅ» አለች፣ ዝናብ ትወዳለች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ናሁሰናይ ደንበኛ የሆነበት ጁስ ቤት ገብታ ጥግ ያዘች። መጣ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ አስተናጋጁን ጠራ። አስተናጋጁ አጠገቡ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል። ናሁሰናይ እጁን አወዛወዘ፤ አስተናጋጁ ደንገጥ ብሎ «አቤት ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አለው። ናሁሰናይ ነገረው። አስተናጋጁ ጎንበስ እንዳለ ጠበቀ። «ምን ልታዘዝ?» ደግሞ ነገረው። አስተናጋጁ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ፤ ይህ ሰው ሊያላግጥብኝ ነው የመጣው ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ጠረጴዛውን ሲመታ ሁሉም ሰሙ፤ ዞረውም አዩት። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንጓች ስፕሪሷን እስከ መጨረሻዋ ጠጥታ ወጣች። እንደዚያ የጣፈጣት ነገር ከለቅሶው ወዲህ አልነበረም።

ሰውዬው ብልህ ነው፤ የሆነውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። የሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ ሄዶ ጽፎ አሳያቸው። አዘኑለት። ሕጉን ግን ያውቁታል፤ ራሱ ነው ያስተማራቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው የሚጽፈውን ቆሞ ያነብለት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ጀምሮ የሚተወው በዛ፤ ቸኩያለሁ እያለ። ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ዶክተር ዛሬም አኩርፈዋል እየተባለ ታለፈ። ኋላ ቢሮውን ለሌላ ሰጡና መስኮት የሌለው ክፍል ሰጡት። ሚስቱ እልኸኛ ናት፤ መኝታ ቤቱን በፍራሽ ዙሪያውን ለብዳ ክዳኗን አወለቀች፣ ልትሰማው። ደም በደም ሆና ሐኪም ቤት ገባች፤ ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ከለከላት።

አንጓች ይህን ሁሉ አንድም ሳይቀራት ትከታተል ነበር። ክፉ ሆነች ቢሏት አትክድም። እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ምግብ በላች፣ ፊቷ መለስ አለ። አንድ ቀን ከመናኸሪያው አጠገብ ታክሲ ሲያስቆም አየችው። ታክሲዎቹ ያልፉታል። ግድግዳ ተጠግታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሰው እንዳያያት አንዱን ክዳን ከፈት አደረገች። ምቱ ጭንቅላቷን በረቀሰው፤ በመካከሉ ግን የሰውዬው ድምፅ መጣላት፣ የሰለለ፣ የሻከረ፤ «እዚህ ነኝ! ኧረ እዚህ ነኝ እኮ!» ይላል። አንጀቷ ራሰ። ደሟን እየጠረገች፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ቆማ ሰማችው።

ወሬውን ያመጣችው ውድነሽ ናት። በዕረፍት ሰዓት፣ ሁለቱ ብቻቸውን በተቀመጡበት።

«ልጅ አለችው» አለች።

«የማን?»

«አትሞኚብኝ። የዚያ ሰው። ሶልያና ትባላለች፤ እዚያ ሐይቁ ዳር ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። የእህቴ ልጅ እሷ ጋ ነው የሚማረው። እትዬ ዝም ካለችን ቆየች አለኝ።»

አንጓች መሐረቧን አጠፈች።

«ማጣሪያው አካሄድ ነው የሚያጠናው፤ እኔና አንቺ አጥተነው ነው? ሴት ሁን ወንድ፣ ቀጭን ሁን ወፍራም አይልም። አነጋገሯ የአባቷ ነው። ቃል ስትጀምር ያቺን ትንፋሽ ትወስዳለች፣ እሱ ረገጥ የሚያደርገው ላይ ረገጥ ታደርጋለች። ጭልጥ አድርጎ ወስዷታል።»

«እኔ እሷን አላልኩም።»

«እሱስ ይርሳውን ብሎ ነበር?» አለች ውድነሽ፤ ወዲያው በተናገረችው ደነገጠች። እጇን ያዘቻት። «አንጉዬ፣ በሞቴ። ሂጂና ድምፅ በዪው፤ ያብቃ። ልጅቷ ምን አደረገች?»

«ለይቼ መመለስ አልችልም። እሷ ከተመለሰች እሱም ይመለሳል።»

«ታዲያ ይመለስ!»

«ስሙን ጠርቷል?» አለች አንጓች፣ እጇን እያላቀቀች። ውድነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ቢሆንም አንጓች ትምህርት ቤቱን ሄዳ አየችው። በአጥሩ ክፍተት አጮለቀች። ሶልያና ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች፣ ምናልባት በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረች ወጣት ናት። ልጆቹን የምትሰበስበው እያጨበጨበች ነው። ሰሌዳው ላይ ትስላለች፣ በጣቷ ታመለክታለች፤ ልጆቹ ጥቂት አይተዋት ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ጀርባዋን ሰጥታቸው ግድግዳውን ተደገፈች። እውነት ነው፣ አንጓች አለቀሰች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን የአያቷ ዘመን ትዝ አላት፤ ያኔ ደም መላሽ ገዳዩን ሲያጣ ወንድሙን፣ ወንድሙን ሲያጣ ያጎቱን ልጅ ይጠብቅ ነበር። ማሽኑ ከማን እንደ ተማረው እንጃ እንጂ፣ ያው የድሮውን ነው ያደረገው። ያለቀሰችበትን ፊቷን ታጠበች፤ ወደ ማጣሪያው ግን አልሄደችም።

ዕርቁን የጀመሩት አያ ፈንቴ ናቸው። የዓሣ አጥማጆቹ ሽማግሌ፣ ይርሳውን ታንኳ ማሰር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ናሁሰናይ ደጃቸው ሄዶ፣ ጽፎ፣ ተንበርክኮ ለምኗቸዋል። አንጓች ዘንድ መጡ።

«ያልሽው ይሁን ብሏል» አሏት። «ድንጋይ ተሸክሞ፣ ስሙን ጠርቶ። ሥራዬን ቢወስዱብኝም ይውሰዱ ብሏል። ሕግ ክፍል የለ፣ ምን የለ።»

«በጽሑፍ?»

«ኧረ ወዲያ! በጽሑፍ ዕርቅ የት ታውቂያለሽ? በአፉ እንጂ።»

«አፉን ማን ይሰማዋል፣ አያ?»

ሽማግሌው ይህን አስበውበታል። «አንቺ ነሻ። ከእኛ መሐል ክዳን አውልቆ የሚቆም የለም፤ እኔማ ያቺ ነገር አንዴ ብትመታኝ አልነሣም። ባለ ደሟም አንቺ ነሽ። አንቺ ሰማሁ ካልሽ ሁላችንም ሰማን ማለት ነው። ከዚያ ሄደሽ ድምፁን ትመልሺለታለሽ፤ የልጅቷም ይመለሳል። እሺ በይኝ፣ ልጄ።»

እሺ አለች። ከልቧ ነበር እሺ ያለችው፤ ይህ መታወቅ አለበት።

የተቀመጡት ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ ቀትር ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ ዓሣ አጥማጆቹ በሌላ ወገን። ናሁሰናይ ከላይ ከመንገዱ መጣ፤ ባዶ እግሩን፣ ወገቡን ታጥቆ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ አንገቱ ተቀልሷል። ልጁ ሶልያና ጥቂት ራቅ ብላ ተከተለችው። አያ ፈንቴ እጃቸውን አነሡ፤ ሁሉም ጸጥ አለ፤ አንጓች ክዳኖቿን አውልቃ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው።

ምቱ መጣ። ዳር ላይ ሲሆን ከማዳመጫ ቤቱ ይልቅ ይብሳል፤ አጥንት ለአጥንት ይሄዳል። ጥርሷን ነከሰች። በምትና በምት መካከል የሰው ትንፋሽ ሰማች፤ አጭር።

«ማሩኝ» አለ ናሁሰናይ። «ማሪኝ፣ ወይዘሮ አንጓች። ወንድምሽን ይርሳውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ደሙ ከአፍንጫዋ መውረድ ጀመረ፤ አልጠረገችውም። ስሙን ጠርቷል። በራሱ አፍ፣ በራሱ ድምፅ። አሁን ልቤ ያርፋል ብላ ጠበቀች።

«ይርሳውን አውቀው ነበር» አለ ሰውዬው። ድንጋዩ ስለ ተጫነው ድምፁ ይቆራረጣል። «ልደብቅሽ አልችልም። ሌሎቹ ፊርማ ሲልኩ እሱ ራሱ መጥቷል። ቢሮዬ በር ላይ ተቀምጦ ዋለ። እንጨቱን ይዞ ነበር የመጣው፤ አሳይሃለሁ፣ ስማው፣ ያንተ ማሽን ይህን አይሰማም አለኝ፤ ወለሉን እየመታ አሳየኝ። ገብቶኛል። እውነቱን ነበር። ቸኩዬ ነበርና… በኋላ አየዋለሁ ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሲሄድ እግዜር ይስጥልን ብሎኝ ነው የሄደው። ማሪኝ። ስለ እመብርሃን ማሪኝ።»

ነገሩን ከጨረሰ በኋላ ሁለት ምት አለፈ። አንጓች ወንድሟን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ የክት ሸሚዙን ለብሶ፣ እንጨቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ መስታወት ቢሮ በር ላይ ሲጠብቅ። ለእሷ እንኳ አልነገራትም። ያንን ወለል እንዴት አድርጎ መትቶት ይሆን! እርፍ ይላል ያለችው ልቧ አላረፈም፤ ይልቁንም የእስከ አሁኑ ንዴቷ ጨዋታ ነበር የሚያሰኝ ቁጣ ተነሣባት። ይህ ሰው ስሙን ያውቅ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ስሙን በማሽኗ ሴት አስጠርቶ፣ እሱ ግን ያውቀው ነበር።

አያ ፈንቴ ወደ እሷ ዞሩ። «እህ፣ ልጄ? ተናገረ?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ አዩዋት። ዓሣ አጥማጆቹም። ናሁሰናይ ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት ሞከረ፤ ዓይኑ ብቻ እሷ ጋ ደረሰ።

«ምንም አልሰማሁም» አለች አንጓች።

«ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ እኮ።»

«ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። የተናገረው ነገር የለም። ስሙን አልጠራም፣ አያ።»

አያ ፈንቴ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፤ እሳቸው ሲነሡ ሌሎቹም ተነሡ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ መሬት ላይ እንትፍ አለ። ናሁሰናይ ድንጋዩን ማውረድ አቅቶት በጉልበቱ ወደቀ፤ የረዳው ሰው አልነበረም።

ሶልያና ሮጣ አባቷን አላነሣችውም። ቀጥ ብላ ወደ አንጓች መጣችና ፊቷ ቆመች። አንጓች አሁንም ክዳኖቿን አላጠለቀችም። ከወጣቷ አፍ መጀመሪያ ያቺ ትንፋሽ ወጣች።

«ሰምተዋል፣ እትዬ» አለች ሶልያና። «አባቴ ተናግሯል። ስሙን ጠርቷል፣ ሁሉንም ነግሮዎታል። እኔ ከጀርባው ሆኜ ከንፈሩን አላየሁም፤ የእርስዎን ፊት ግን አይቻለሁ። ሰምተዋል። እባክዎ ይንገሯቸው።»

ሰዉ ከአጠገባቸው እየተለየ ወደ መንገዱ ይወጣል። አንድም የዞረ የለም።

«እባክዎ» አለች ሶልያና።

አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ክዳኖቿን አወጣችና አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ አደረገቻቸው። ምቱ ጠፋ፤ ነፋሱና የሰዉ ኮቴ ተመለሱ። የወጣቷ አፍ ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም።